ባዶ ጉድጓድ የሰጠው መልስ

ሊብረቪል፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ ለሶንዴ፣

ከባሕሩ ጠረፍ የተነሣው ሰላምታዬ ዳገቱ ሳያደክመው ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀዎ? በባለቤትዎ በአክስቴ በአዌ መቃብር ላይ የተከሉት ዛፍ ጸደቀ? እኔና ልጄ ኦዲል ደኅና ነን። ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን ትመስላለች። አይቆጡ፣ እውነቴን ነው።

የጻፍኩት ለምክር ነው። በሆቴሉ ወጥ ቤት ስንት ዘመን ሽንኩርት ስከትፍ እንደኖርኩ ያውቃሉ። አሁን ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ማውጫ ዋና ወጥ ቤት ሠራተኛ እንድሆን ጠይቀውኛል። ደመወዙ የአሁኑ እጥፍ ነው። ግን ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት የብስ ላይ ነው፤ ልጅ ይዞ መግባት የለም። አባቷ የት እንዳለ እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ነው እኔም የማውቀው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው፦ ሥራውን ተቀብዬ ኦዲልን እርስዎ ጋ ልላካት? ወይስ ሥራውን ትቼ ከእኔ ጋር ትቆይ? እንደ ልማድዎ የጉድጓዱን ሸረሪት ይጠይቁልኝ። ወንዙ ዳር ያለውን ቤት አትከራዪ ብሎ ከጎርፍ ያተረፈኝ እሱ ነው። ጎረቤቴ እማማ ንዞጌ ይህን ስነግራት “እኛ ለአለቃ እንታዘዛለን፣ አንቺ ለሸረሪት!” ብላ እስኪያስላት ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ለልጄ የሚሆነውን ብቻ ያሳውቁኝ፤ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ልጅዎ ክሎቲልድ


ምቦንዳ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996

ለልጄ ለክሎቲልድ፣

የእናትሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፣ ጥርስሽን እስከ እርጅና ያቆይልሽ። የኔስ ያው ወልቋል፣ አንቺም አልደበቅሽልኝም። ሳሌን ጠይቀሻል፤ እሱ ደኅና ነው፣ የደከምኩት እኔ ነኝ። የአዌ ዛፍ ጸድቋል፤ ፍየል እንዳይበላው አጥሬዋለሁ።

ጠየቅኩልሽ። ሁሉንም በወጉ ነው ያደረግኩት። ግርጌው የተነደለውን ገንቦ በሸረሪቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ደፋሁ። በአንድ በኩል እንጨቱን፣ በሌላው በኩል ድንጋዩን አኖርኩ፤ ምልክት የተቆረጠባቸውን ቅጠሎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረደርኩ። መጀመሪያ ፈተንኩት። “ዛሬ ገንፎ በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም?” አልኩት። አልበላህም አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ከአዌ ወዲህ ገንፎ የሚያገነፋልኝ የለም። ሳይፈትኑ ማመን ደግ አይደለም፤ ውሸታም ሸረሪት ስንት አለ መሰለሽ! ከወንዙ ማዶ ያለው የቦባ ሸረሪት ቦባን ራሱን “ሞተሃል” ብሎት ያውቃል።

ከዚያ ያንቺን ጠየቅኩት። “ልጅቱ ትምጣ ካልክ ቅጠሎቹን ወደ እንጨቱ ውሰድ፤ እዚያው ትቆይ ካልክ ወደ ድንጋዩ።” ክዳኑን ገጥሜ ሄድኩ። ጠዋት ሳነሣው ቅጠሎቹ በሙሉ እንጨቱ ሥር ተከምረዋል፤ አንድም አልቀረ። ሸረሪት ሁልጊዜ ጥቂት ይበትናል፤ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ መልስ በዕድሜዬ አላየሁም።

እና ትምጣ። የአዌን ክፍል ጠርጌላታለሁ። ተራራው ይበርዳል፣ ብርድ ልብስ ላኪላት። ጫማ አትግዢ፣ ከመኪና ጎማ ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ሰው አለ፤ የእግሯን ልክ ብቻ በወረቀት ስደጂልኝ።

አጎትሽ ሶንዴ


ሊብረቪል፣ ማርች 22 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ፣

እግዜር ጉልበትዎን እንደ በር መቃን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብርድ ልብሱን ገዝቻለሁ። የእግሯ ልክ ከዚህ ጋር አለ፤ ስስላት ኮርኩሯት ስለሳቀች ተረከዙ ጠማማ ሆኗል።

አጎቴ፣ አይቀየሙኝና አንዴ እንደገና ይጠይቁልኝ። “ትምጣ” የሚለውን ሳነብ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይህን ጊዜ እንጨቱንና ድንጋዩን ያቀያይሯቸው፤ መምጣቷ በድንጋዩ ይሁን።

እማማ ንዞጌ “እኔ አለሁ አይደል? ከልጆቼ ጋር ትበላለች፣ ከልጆቼ ጋር ትተኛለች” አለችኝ። የሰው ውለታ እንደሚከብደኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ሸረሪቱን አይጠይቁት። ምርጫዎቼ ያው ሁለቱ ናቸው፦ ወይ ትምጣ፣ ወይ ሥራው ይቅር።

ሌላም ልንገርዎ። ኦዲል አይታዎት አታውቅም፣ ፎቶግራፍዎም የለኝም። ባለፈው ሰሞን ከእንቅልፏ ተነሥታ “አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቅጠል ይለቅማል፤ ብጠራው አይዞርም” አለችኝ። ስለ ሸረሪቱ ነግሬያት አላውቅም። እማማ ንዞጌ አውርታላት ይሆናል ብዬ ተውኩት። አሠሪዎቹ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ቁርጡን ንገሪን ብለዋል፤ አይዘግዩብኝ።

ልጅዎ ክሎቲልድ


ምቦንዳ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1996

ለልጄ ለክሎቲልድ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ደጅሽ አይጉደል። ዝናቡ ገብቶ ድልድዩን ስለወሰደው መልሴ ዘገየ።

አቀያየርኩ። ቅጠሎቹ ወደ ድንጋዩ ሄዱ። መልሼ አቀያየርኩ፤ ወደ እንጨቱ ሄዱ። ያው ትምጣ ነው። ስለ ሕልሟ የጻፍሽውን መጀመሪያ ዘልዬ አለፍኩት፤ ከዚያ ተመልሼ አነበብኩት፤ ከዚያ ባላነበብኩት ብዬ ተመኘሁ።

ልነግርሽ ያልፈለግሁት ነገር አለ። ሸረሪቱን ካየሁት ቆይቷል። አንበጣ ብጥልለት ጉንዳን ወሰደው። ረጅም ሣር አስገብቼ ጉድጓዱን ብነካካ አሮጌ ድር ብቻ ተጠቅልሎ ወጣ። ጉድጓዱ ባዶ ነው ልጄ። ቅጠሎቹ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ተነሥተው አገኛቸዋለሁ።

ሲጨንቀኝ ቦባ ጋ ሄድኩ። ታስታውሺዋለሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ እንደኔ ሸረሪት የሚጠይቀው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰዳደበው።

“ሸረሪቴ ጠፋ፣ መልሱ ግን አልቀረም” አልኩት።

“እንኳን ደስ ያለህ! የማይበላ ሸረሪት አገኘህ!” ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። “የዘመድህን ጉዳይ በገዛ ጉድጓድህ ጠየቅህ?”

“ጠየቅኩ።”

“አንተ ሽማግሌ! ለዘመድ ሲሆን የሌላ ሰው ጉድጓድ ነው የሚጠየቀው። ይህን እኮ ሕፃን ያውቀዋል።”

“ታዲያ አንተ ጋ መጥቼ ልለማመጥ? በዚያች በፍየሏ ነገር ተኳርፈን?”

“ፍየሏ ከሞተች ስንት ዘመኗ! አንተ ግን ኩራትህን እስከ ዛሬ ትቀልባለህ።”

ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ። በእርሱ ጉድጓድ ጠየቀልኝ። የእርሱ ሸረሪት ቅጠሎቹን ወደ እንጨቱም ወደ ድንጋዩም አልወሰደም። እየጎተተ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ይዟቸው ገባ። ቦባ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና “ጥያቄውን ነው ያልወደደው” አለኝ። ገንቦዬ ዙሪያ አመድ እንድነሰንስና ማን እንደሚመጣ እንዳይ መከረኝ።

እስክጽፍልሽ ድረስ ልጅቱን መኪና ላይ እንዳታሳፍሪያት። ብርድ ልብሱንም አትላኪ።

አጎትሽ ሶንዴ


ሊብረቪል፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1996

ለውድ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ዝናቡንም በሰላም ያሳልፍዎ። ፖስታ ቤት ተመላልሼ እግሬ ቀጠነ፤ ከእርስዎ ምንም የለም። አሠሪዎቹ ደግሞ አላስቀምጥ አሉኝ። ዝም ማለትዎን “መልሱ ያው ነው” ማለትዎ ነው ብዬ ወሰድኩትና ፈረምኩ።

ኦዲል ሜይ 6 ቀን ትነሣለች። የምታመጣት ሐጂያ ራማቱ የምትባል ከፉምባን የመጣች የጨርቅ ነጋዴ ናት። ድንበሩን በቢታም ተሻግራ በያውንዴ አድርጋ፣ በየገበያው እየሸጠች፣ ወር ቢፈጅባትም እርስዎ አጠገብ እስካለችው እስከ ባንኪም ትደርሳለች። የታመነች ሴት ናት፣ ብዙዎች አደራ ይሰጧታል።

ልጅቱ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት፣ “ሽማግሌው ዞረ” አለችኝ።

“ፊቱ እንዴት ነው?” አልኳት።

“ተኝቷል” አለች።

አጎቴ፣ ምን ማለቷ ነው? እባክዎ ደኅና ነኝ ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ክሎቲልድ


ምቦንዳ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1996

ለልጄ ለክሎቲልድ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼልሻለሁ፤ የሚሲዮኑ መኪና ሊነሣ ነው፣ ይህን በእርሱ ነው የምልከው።

አመዱን ነሰነስኩ። በማግሥቱ ቅጠሎቹ እንጨቱ ሥር ነበሩ። አመዱ ላይ የሰው እግር አለ፤ ባዶ እግር፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ የዞረ። እግሬን አጠገቡ አኖርኩት። የኔው ነው። ጥፍሬን አየሁ፤ ቀይ አፈር ሞልቶታል። የማስታውሰው ግን አንዳች ነገር የለም።

ቦባ አላመነም። “ቀን ረግጠኸው ነው፣ የምን ተረት ነው የምታወራው!” እያለ ሊጠብቀኝ መጥቶ እኔ ዘንድ አደረ። ስነቃ ጥጉ ውስጥ ተኮራምቶ ያየኛል። 

“ተነሣሁ?” አልኩት።

“ተነሣህ። ዓይንህ እንደተጨፈነ ነው። ክዳኑን አንሥተህ ቅጠሎቹን ወደ እንጨቱ ደረደርካቸው።”

“ተናገርኩ?”

“ልጅቱን ትጠራለህ። ‘ነይ፣ ነይልኝ’ ትላለህ፣ እንደሚለምን ሰው። ከዚያ ጆሮህን ጉድጓዱ ላይ ደፍተህ አዳመጥክ። ‘እሺ፣ እጠብቃለሁ’ አልክ።”

“ማንን?”

“ሶንዴ፣ በናትህ አታስለፍልፈኝ።”

ክሎቲልድ፣ ልጅሽን የጠራት ሸረሪቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አዌ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ይጨንቀኛል። ለማንም አላልኩም፣ ላንቺም አልጻፍኩም፤ ሳሉን ስትጠይቂኝ እንኳ ቀለድኩ። ለካ የደበቅኩት ነገር እኔ ስተኛ ይነሣል። ምክር ብለሽ የጠየቅሽው ሰው የገዛ ናፍቆቱን ነው የመለሰልሽ። አፍሬያለሁ።

ልጅሽን አትላኪያት። ከዚያ ወዲያ እንዲህ አድርጊ አልልሽም፤ አፌን ራሴ አላምነውም። ቦባ ያለኝን ብቻ ልንገርሽ፦ “ሁለት ብቻ ከጠየቅክ ሁለት ብቻ ይመለስልሃል። ሦስተኛው በአጠገብህ ሲያልፍ አታየውም።”

አጎትሽ ሶንዴ


ሊብረቪል፣ ሜይ 12 ቀን 1996

ለአጎቴ ለሶንዴ፣

እግዜር እንቅልፍዎን የሰላም ያድርግልዎ። ዛሬ የምመርቅዎ ይህን ብቻ ነው።

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ደረሱኝ፣ ኦዲል ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንብቤ እዚያው ተቀመጥኩ። ተቆጥቻለሁ አጎቴ። ብቸኝነት ገድሎኛል ብለው ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት? በየዓመቱ እመጣ ነበር። በራሴም ተቆጥቻለሁ። ቅር ያለውን ልቤን ትቼ ባዶ ጉድጓድ ሰማሁ።

ቤት ገብቼ ኦዲልን “የት መሆን ትፈልጊያለሽ?” አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና “እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?” አለች። ከዚያ “እማማ ንዞጌ ጋ። ስትመጪ በመስኮት አይሻለሁ” አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ጎረቤት ተሻገርኩ።

“በመጨረሻ! ሸረሪቱ ፈቀደልሽ?” አለችኝ እማማ ንዞጌ።

“ሞቷል መሰለኝ።”

“ነፍሱን ይማር። በይ ቢላውን አንሺና ሽንኩርቱን ክተፊልኝ።”

ያን ያህል የከበደኝ ውለታ በአንድ ሽንኩርት አለቀ። በማግሥቱ መናኸሪያ ሄደን ሐጂያ ራማቱን ሸኘናት። ኦዲል እጄን ይዛ ቆማ ነበር፤ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ስታውለበልብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌውን በሕልሟ አላየችውም። እኔ ነገ ወደ ባሕሩ እገባለሁ። ለገና እኛ እንመጣለን፣ አብረን። እስከዚያ ያንን ጉድጓድ ይድፈኑት።

ልጅዎ ክሎቲልድ


ምቦንዳ፣ ጁን 9 ቀን 1996

ለልጄ ለክሎቲልድ፣

የባሕሩ ጌታ ይጠብቅሽ፣ የምታበስይው ይጣፍጥልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ አለቀስኩ። ልጅቱ በመቅረቷ ደስ ብሎኝ ነው፤ ተቆጥተሽ ስለጻፍሽልኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ጉድጓዱን ከቦባ ጋር በቀትር ደፈንነው። ድንጋይ ሞላንበት፣ አፈር ረገጥንበት፣ ገንቦውንም ሰበርነው። ከዚያ ወዲህ እግሬን ከአልጋው ጋር አስሬ ነው የምተኛው፤ ገመዱ እንደታሰረ ያድራል፣ ጥፍሬም ንጹሕ ነው። ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት ይህን ብቻ ብዬ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ ደጅ ሞተር ብስክሌት ቆመ።

ሐጂያ ራማቱ ናት። “በል አደራህን ተረከበኝ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልመለስ!” አለችኝ።

“የምን አደራ?”

“የክሎቲልድ ልጅ ናታ! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ከቢታም እስከዚህ እቅፌ ላይ ተኝታ ስትመጣ ውኃ እንኳ አልጠየቀችኝም።”

“ኧረ ሴትዮ! እናቷ እዚያው መናኸሪያ አስቀርታት የለም እንዴ?”

“አስቀርታት ነበር። ቢታም ስደርስ ግን ቆማ ጠበቀችኝ። ‘እናቴ ሐሳቧን ለወጠች’ አለችኝ። በሌላ መኪና ልካት ቀድማኝ ነው አልኩ። ምን ላድርግ፣ ልጅ ሜዳ ላይ ጥዬ ልሂድ?” ብላኝ ሞተሩ ላይ ወጥታ ሄደች።

ልጅቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሳቀችልኝ። ወደ ቤት ሮጬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሽማግሌ ሰውዬ፣ ከልጅ ሮጥኩ።

አሁን ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። በየመሐሉ “አያቴ፣ መጣሁ እኮ” ትላለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ያሳዝናል። ኦዲልን አይቻት አላውቅም፤ ይህችን ከማን ጋር ላስተያያት? አንቺ የኦዲልን እጅ ይዘሽ መኪናውን ሸኝተሻል፤ ያን አምናለሁ።

ቦባ በጓሮ በር ገብቶ አጠገቤ ቆሟል።

“እንዳትከፍት” አለኝ።

“ዝናብ እኮ ነው ቦባ። ልጅ ዝናብ ላይ?”

“ዝናቡን አይቻለሁ” አለኝ። “ልጅቱ ግን አልረጠበችም።”

በመስኮቱ አየሁ። እውነቱን ነው።

ክፈት ወይስ አትክፈት የሚለኝ የለም፣ ጉድጓዱን በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ፤ ቦባም አሰበ፣ እኔም አሰብኩ፣ አላገኘንም። የምወስነው በፍርዴ ይሁን በናፍቆቴ እኔም ለይቼ አላውቀውም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ነይልኝ ብዬ ለምኜያታለሁ፣ መጣች። የጠራ ሰው በር አይዘጋም።

ይህን ደብዳቤ ለቦባ እሰጠዋለሁ፤ በጓሮ ወጥቶ ባንኪም ድረስ ራሱ ያደርሰዋል። ለገና አትምጡ። ከእንግዲህ “ኦዲልን ላኪያት” የሚል ደብዳቤ በስሜ ቢደርስሽ፣ ጽሕፈቱ የኔ ቢሆን፣ ቀልዱም የኔ ቢሆን፣ እንዳታምኚው።

አሁን ልከፍትላት ነው።

አጎትሽ ሶንዴ